ጎማ የሌለው ቤት

ዋኒታ ሽሮክ የምትኖርበትን ቤት ከተማው ወስዶ በብረት መጭመቂያ አደቀቀው። ቤቱ የራሷ ነበር። ከማንም አልሰረቀችውም፤ በማንም መሬት ላይ ያለ ፈቃድ አላቆመችውም፤ ማንንም አልጎዳችበትም። የተወሰደውም እንድታስተካክለው የተሰጣት ጊዜ ሳያልቅ ነው። ይህን የሚክድ አንድም የከተማው ሹም የለም። ሹሞቹ የሚከራከሩት በሌላ ነገር ነው፤ «ለመሆኑ ያ ነገር ቤት ነበር ወይ?» ይላሉ። ስለዚህ ያ ነገር ምን እንደነበረና እሷ ማን እንደሆነች ከመነሻው መናገር ግድ ነው።

ዌልስፎርድ በሰሜን ኢንዲያና ያለች፣ ተሳቢ ቤት በመሥራት የምትተዳደር ከተማ ናት። ተሳቢ ቤት አልጋም ምድጃም ያለው፣ በመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት፣ ጡረታ የወጡ ባለገንዘቦች አገር የሚያዩበት ጎጆ ነው። ዋኒታ ከወጣትነቷ ጀምሮ ከፋብሪካዎቹ በአንደኛው ሠርታለች። ሥራዋ ማዕዘን መዝጋት ነበር፦ ሁለት የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች የሚገናኙበትን ጠርዝ በስቱኮ መሙላት፣ በቀጭን ብረት መሸፈን፣ በቪቴ ጠምዝዞ ማሰር። በዚያ የፋብሪካ መስመር ላይ የሚሠሩ ሰዎች «ውሃ በጣሪያ ይገባል፣ በወለል ይታያል» ይላሉ። ወለሉ የበሰበሰበት ሰው ወለሉን ከመርገሙ በፊት ቀና ብሎ እንዲያይ ነው።

በ2008፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ባንኮቹ ሲወድቁ ሕዝቡ ከሁሉ በፊት መግዛት ያቆመው ተሳቢ ቤት ነበር። ፋብሪካው ተዘጋ። የዋኒታ ባል መርል ቀደም ብሎ በልብ ሕመም ሞቶ ነበር፤ የሚኖሩበት ቤት በብድር የተያዘ ነበርና ባንኩ ወሰደው። በዚያ ዓመት ይህ የደረሰው በእሷ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህም ብዙ አይወራለትም። ሊወራ የሚገባው ሌላው ነው። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ገዢ ያጡ አዳዲስ ተሳቢ ቤቶች፣ የፍራሻቸው ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ፣ በረድፍ ቆመው ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ የሠሯቸው ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ ያድሩ ነበር። ባለቤቶቹ ለሜዳው ዘበኛ ቀጠሩ። ዘበኛውም ከተባረሩት ሠራተኞች አንዱ ነበር።

ዋኒታን ከመኪና አዳር ያወጣት ኦርቫ ሽላባክ ነው። ኦርቫ በመስመሩ ላይ ከጎኗ ለዓመታት የሠራ፣ በፈረስ ጋሪ ከሚሄዱትና ኤሌክትሪክ ወደ ቤታቸው ከማያስገቡት፣ አሚሽ ከሚባሉት አጥባቂ ክርስቲያኖች አንዱ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር።

«ከጎተራው ጀርባ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለኝ» አላት። «አባቴ ከአንድ ነጋዴ በበቆሎ ለውጦ ያመጣው ነው። አሁን ዶሮዎች ይኖሩበታል።»

«ጣሪያው ደህና ነው?»

«ዶሮዎቹ አቤት ብለው አያውቁም።»

ያሳያት የስልሳዎቹ መጀመሪያ ሥራ የሆነ ትንሽ ተሳቢ ቤት ነበር፤ ፊትና ኋላው እንደ ዳቦ የተድበለበለ፣ ቀለሙ የተላጠ። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የግድግዳውን አቧራ በእጅጌዋ ስትጠርገው የማር መልክ ያለው ስስ እንጨት ብቅ አለ።

«ኦርቫ፣ ይሄ እኮ እውነተኛ እንጨት ነው።»

«እውነተኛ ኩስም አለበት።»

«ኩስ ይታጠባል። እንደዚህ ያለ እንጨት አሁን ማን ይገጥማል? እኛ ስንገጥም የኖርነው የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው።»

«ወረቀቱን የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ስሜን አታጥፊ።»

ምን ልስጥህ ብትለው የጠየቃት አንድ ነገር ነው። «ለዶሮዎቹ ቤት ሥሪላቸው» አላት። «ያፈናቀልሻቸው አንቺ ነሽ።» ሠራችላቸው። የዶሮዎቹ ቤት ዛሬም ቆሞ አለ።

በኦርቫ እርሻ ላይ መቆየት አልቻለችም፤ መሰርሰሪያውም ማሞቂያውም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፣ እዚያ ደግሞ መስመር የለም። የመኪናዋ የመጨረሻ አገልግሎት ተሳቢውን ከእርሻው አውጥቶ እስከሚቆምበት ቦታ መጎተት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ሸጠችው። መጀመሪያ የሄደችው ከከተማው ዳር ወዳለው፣ ተሳቢ ቤቶች ቦታ ተከራይተው ወደሚቆሙበት ሰፈር ነበር። የሰፈሩ ኃላፊ ከቢሮው ሳይወጣ በመስኮት አየው።

«ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው አናስገባም» አላት።

«ለምን?»

«የሰፈሩን መልክ ያበላሻላ።»

«እኔስ? በዕድሜ እበልጠዋለሁ እኮ።»

ሰውየው ሳቀ። «አንቺን ደንቡ አይከለክልሽም። እሱን ትተሽው ከመጣሽ ቦታ ሞልቷል።»

በመጨረሻ ቦታ የሰጠቻት ዶሪን ፕላንክ ናት፤ ደንበኛ ጠፍቶ የፀጉር ቤቷን የዘጋች መበለት።

«ከኋላ ግቢዬ አቁሚው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በመስኮት እስብልሻለሁ» አለቻት። «ፀጉርሽን ግን እኔ ነኝ የምቆርጥልሽ። እንዲህ ሆነሽ ከግቢዬ ስትወጪ ሰው ካየ ሥራዬ ያከትማል።»

«ሥራሽ አክትሟል እኮ፣ ዶሪን።»

«እሱን ለማን ነገርሽብኝ?»

በምትኖርበት ቤት ውስጥ ሆና ግድግዳ ያፈረሰች ሴት ሥራዋ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ እንዲህ ነው። የኋላውን ቆርቆሮ ስትፈታ አልጋዋን ወደ ፊት ትገፋለች፤ የፊቱን ስትፈታ ወደ ኋላ ትመልሳለች። የተከፈተውን ጎን በብርድ ልብስ ትጋርዳለች። ወለሉ ከኋላ ጥግ በስብሶ ነበርና እንደ ልማዷ ቀና ብላ አየች፤ ውሃው ያገኘው መንገድ ከጣሪያው ማዕዘን ላይ የደረቀ ስቱኮ ሆነ። የበሰበሰውን የእንጨት አጽም እየቆረጠች በአዲስ ቀጠለችው፤ አዲስ የኮምፔርሳቶ ወለል አነጠፈች፤ ቪቴዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች አጥባ መለሰቻቸው። የዛገውን ምድጃ ኦርቫ ወስዶ በአሸዋ ፈትጎ አመጣላት። የማሩን እንጨት ግን ለማንም ሳትሰጥ በራሷ እጅ በዘይት አሸችው። በምሽት ብርሃን ሲበራበት ከግድግዳው የሚወጣው መልክ ዶሪንን እንኳ ዝም አሰኝቷታል፤ ዶሪን ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። መስከረም ሲያልቅ ቤቱ ዝናብ አያስገባም ነበር። ባንኩ ቤቷን ከወሰደባት ወዲህ ዋኒታ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ በር ገብታ በራሷ ቁልፍ የዘጋችው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ነገሩ ሁሉ ወደሚንጠለጠልበት ልማድ እንመጣለን። በዌልስፎርድ ተሳቢ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በረዶ ከመውደቁ በፊት ተሳቢውን በክሪክ አንሥቶ በግንድ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጎማዎቹን ያወልቃል፤ የሚሽከረከሩበትን ኩሽኔታ አጥቦ በግራሶ ይሞላዋል፤ ጎማዎቹንም ደረቅ ጎተራ ውስጥ ያኖራቸዋል። በበረዶ ላይ ቆሞ የሚከርም ጎማ ይሰነጠቃል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል። ከፋብሪካው አለቃ እስከ ጽዳት ሠራተኛው ይህን የማያደርግ የለም። የማያደርገው ሰው ሰነፍ ይባላል፤ ሰነፍ መባል ደግሞ በዚያ አገር ከሌብነት ቀጥሎ ያለ ስድብ ነው። ዋኒታም ሰነፍ አልነበረችምና ጎማዎቹን አወለቀች። ኦርቫ በጋሪው ጭኖ ወደ ጎተራው ወሰደላት።

በዚያው ወር የከተማው ምክር ቤት አዲስ ደንብ አወጣ። በመኪናና በተሳቢ ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች በዝተው ነበር፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የከተማውን መልክ መጠበቅ ፈለገ። ደንቡ በግቢ ውስጥ የቆመ፣ «ጎማ የሌለው ወይም ሊንቀሳቀስ የማይችል ተሳቢ» እንደ ተጣለ ብረት ተቆጥሮ ይወሰዳል ይላል። እዚህ ላይ ትክክለኛ መሆን ያስፈልጋል። ይህን ቃል ያረቀቁት ሰዎች ከሌላ አገር የመጡ አልነበሩም። የዌልስፎርድ ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የፋብሪካ ባለቤት ነው። ጎማ በየትኛው ወር እንደሚወልቅ፣ ለምን እንደሚወልቅ ያውቃሉ። የራሳቸውም ተሳቢዎች በዚያ ሳምንት በግንድ ላይ ነበሩ፤ ነገር ግን በጋራዥ ውስጥ ነበሩ፣ ደንቡም ስለ ጋራዥ አይናገርም። ስለዚህ ደንቡ በስሕተት የወጣ ነው የሚለውን ምክንያት አንቀበልም። የሚይዘው ማንን እንደሆነ ታውቆ፣ የሚያመልጠውም ማን እንደሆነ ታውቆ የተጻፈ ነው።

የደንብ ተቆጣጣሪው ኬንት ሚሽለር በአንድ ረቡዕ መጣ። አባቱ ከዋኒታ ጋር በአንድ መስመር የሠራ ሰው ነበር። በረዶው ላይ ቆሞ በሩን አንኳኳ።

«ወይዘሮ ሽሮክ፣ ይህ ተሳቢ ጎማ የለውም።»

«የበረዶ ወቅት ነው፣ ኬንት።»

«ደንቡ ወቅት አይለይም።»

«የአባትህን ተሳቢ ጎማ ማን ነበር የሚያወልቀው? አንተ አልነበርክም? ሸሚዝህን በግራሶ ለቅልቀህ እናትህ ስታባርርህ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አባቴ ተሳቢ ውስጥ አልኖሩም።»

«እኔም እንድኖርበት አልተመኘሁም።»

ኬንት እግሩን ከበረዶው እያነሣ ረገጠ። ክፉ ሰው ነው ማለት ይከብዳል፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። «ጎማዎቹን ይግጠሙ» አላት። «ጎማ ካለው ተሽከርካሪ ነው፤ እኔም ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ጊዜ አለዎት።»

«እስከ ዓርብ ማታ ማንም አይነካውም?»

«አልኩዎት እኮ።»

ሐሙስ ዶሪን በአሮጌ መኪናዋ ዋኒታን ወደ ኦርቫ እርሻ አደረሰቻት። ሰማዩ ከብዶ ነበርና ዶሪን መንገዱ ሳይዘጋ ቶሎ ተመለሰች፤ ጎማዎቹን ከድርቆሹ ሥር አውጥተው ኋላ በጋሪ ለማምጣት ዋኒታና ኦርቫ ተስማሙ። በረዶው ግን ከሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ወረደ። በእርሻው በኩል ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ አልቀረም። ዓርብ ጠዋት ኦርቫ ፈረሱን በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ጋሪ ጠመደና ጎማዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ከኋላ አሰራቸው።

«የምትፈሪው ምንድነው?» አላት በመንገድ። «እስከ ማታ ብሏል።»

«አልፈራሁም።»

«እጅሽ ታዲያ ጎማውን ለምን ይዞታል? የትም አይሄድም፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

በዚያው ሰዓት በዶሪን ግቢ የሆነው ይህ ነው። ከተማው በኮንትራት የሚያሠራው የብረት ነጋዴ ጎታች መኪናውን ላከ። ሹፌሩ የማይታወቅ ልጅ ነበር። ዶሪን በቤት ልብሷ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ባለቤቷ ጎማ ልታመጣ ሄዳለች» አለችው።

«እኔ ጎማ አልጠየቅኩም፣ እመቤቴ። የተሰጠኝ አድራሻ ነው።»

«እስከ ማታ ጊዜ አላት። ተቆጣጣሪው ራሱ ነው ያለው።»

«እኔ ዓርብ የምሠራው እስከ ቀትር ነው።»

ወደ ኬንት ደወለች። ኬንት ለሥልጠና ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ ነበር፤ መልስ የሰጠው ማሽን ነው። ወደ ማዘጋጃ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሴት ትሑት ነበረች፤ ኃላፊው ሲመለስ እነግራለሁ አለቻት። ሹፌሩ ሰንሰለቱን በሻንሲው አስገባ። ጎማ የሌለው ነገር አይሽከረከርም፤ ስለዚህ ጎተተው። ከግንዶቹ ላይ ሲወድቅ ሻንሲው ታጠፈ፤ ዋኒታ በበጋው የዘጋችው የኋላ ማዕዘን እንደ ፖስታ ተቀደደ። ዶሪን ኤሌክትሪኩን መንቀል ያሰበችው ገመዱ ራሱ ከመስኮቷ ተመዞ ሲወጣ ነው።

ዋኒታና ኦርቫ ሲደርሱ በግቢው ውስጥ በረዶ ያልነካው አራት ማዕዘን መሬት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሣሩ ገና ቢጫ ነበር። ዶሪን ልትናገር ስትጀምር ዋኒታ በእጇ አስቆመቻትና ጎማዎቹን ወደ ዶሪን መኪና ጫነች።

የብረቱ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ነበር። ከሽቦው ማዶ፣ በተጨማደዱ መኪኖች መካከል፣ ተሳቢው በጎኑ ተጋድሞ ይታያል። የተቀደደው ማዕዘን ወደ መንገዱ ዞሮ ስለነበር የማሩ እንጨት ጥግ ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

«ጎማዎቹ ይኸው» አለችው ዋኒታ። «ክሪክ ይዣለሁ። እዚሁ ልግጠማቸው።»

«እመቤቴ፣ እኔ ዘበኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አታግዘኝ። በሩን ብቻ ክፈት።»

«ያስያዘው ከተማው ነው። የከተማውን ትእዛዝ አምጪና እከፍትልሻለሁ።»

ማዘጋጃ ቤቱ ለሳምንቱ መጨረሻ ተዘግቷል። ዘበኛው ይህን ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ዘበኛው ከቴርሞሱ ትኩስ ነገር ቀዳላት። ተቀብላ ጠጣችው፤ ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ኦርቫ በዚያ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አጠለቀው። «መስበር እችላለሁ» አለ ቀስ ብሎ በሩን እያየ። «ግን አንሰብርም።» የአሚሽ ሰው በማንም ላይ እጁን አያነሣም፤ ያ በር ደግሞ በሌላ ነገር የሚከፈት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ኬንት ሚሽለር ትእዛዙን በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ መኪናው ዋኒታን ወስዶ ግቢው ደረሰ። ነጋዴው ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን ያጸዳል። ተሳቢው ቅዳሜ ጠዋት ተጨምቆ ነበር። ያሳዩአት ከሌሎች ጋር የተደራረበ አንድ ጥቅልል ነው። ከየትኛው ጎኑ ላይ እንደሆነ ባይታወቅም የእንጨት ስንጥር ወጥቶበት ነበር።

ኬንት «አዝናለሁ» ለማለት አፉን ሲከፍት «ዝም በል፣ ኬንት» አለችው። «አባትህን አውቃቸዋለሁ።»

ጉዳዩ በፀደይ ፍርድ ቤት ቀረበ። የዋኒታ ጠበቃ፣ ያለ ክፍያ የቆመላት ወጣት ሴት፣ ኬንትን ጠየቀችው።

«በበረዶ ወቅት ጎማ እንደሚወልቅ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ደንቡ ሲረቀቅ ይህን ተናግረዋል?»

«አልተጠየቅኩም።»

ዳኛው ተሳቢው የተወሰደው የተሰጠው ጊዜ ሳያልቅ በመሆኑ አወሳሰዱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። ቀጥለውም ንብረቱ ስለሌለ የሚመለስ ነገር የለም አሉ፤ ካሳውም በተያዘበት ጊዜ በነበረው ዋጋ ይሰላል፤ በተያዘበት ጊዜ ደግሞ ጎማ የሌለው ነበርና፣ ጎማ የሌለው ተሳቢ በደንቡ መሠረት ቁርጥራጭ ብረት ነው። አንድ ሰው በአንድ ፍርድ ተበድሏልም አልተበደለምም የሚባለው እንዲህ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይህ ውሻ ግን ጮኾ ሲያበቃ ለጅቡ መሰከረለት።

ዋኒታ እንድትናገር ሲፈቀድላት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ካሳውን ተዉት» አለች። «ቤት ነበር ብላችሁ ጻፉልኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ፍርድ ቤቱ ያንን ለመወሰን ሥልጣን የለውም፣ ወይዘሮ ሽሮክ» አሉ።

«ቁርጥራጭ ነው ለማለት ግን ነበረው» ብላ ተቀመጠች። መዝገቡ ላይ ይህ አልሰፈረም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ገበያው ተመለሰ፤ ፋብሪካውም ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የአሮጌ ተሳቢ መልክ በከተሞች ባሉ ወጣት ሀብታሞች ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ ነበር፤ ፋብሪካው እንደ ዳቦ የተድበለበለ፣ ውስጡ የማር መልክ ያለው አዲስ ሞዴል አወጣ። የድሮውን ማዕዘን አዘጋግ የሚያውቅ ሰው ተፈለገና ዋኒታ ተጠራች። ደመወዝ ያስፈልጋት ነበርና ሄደች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ማዕዘን ትዘጋለች። እንጨቱን ነክታ ወረቀት መሆኑን ታውቃለች።

ከሥራ ስትወጣ የምታድረው ከተዘጋው ፀጉር ቤት ጀርባ ባለው የዶሪን ክፍል ነው። ዶሪን በየወሩ ፀጉሯን ትቆርጥላታለች። «ይሄን ያህል ከበላሁብሽ በኋላ ለምን አታባርሪኝም?» ስትላት ዶሪን «ማን ያዳምጠኛል ታዲያ» ትላታለች፤ ዋኒታ ግን የጠየቀችው የእውነቷን ነው።

ጎማዎቹ በኦርቫ ጎተራ፣ ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ ተሰቅለዋል። ኦርቫ በየዓመቱ ኩሽኔታቸውን በግራሶ ይሞላል። አልተሰነጠቁም፤ አልዛጉም።

ደንቡ አልተሻረም፤ አንድ ቃሉም አልተለወጠም። ካረቀቁት ሰዎች ሁለቱ ዛሬም በምክር ቤቱ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ብረት ነጋዴው ኮንትራቱን አድሷል። ካሳው እንደ ቁርጥራጭ ተከፍሎ መዝገቡ ተዘግቷል። ዋኒታ ሽሮክ ቤት የላትም።